ማን ከለከለ?

«ውጪ! ውጪ ብዬሻለሁ! ክልክል ነው!»

ድምፄ ከውኃው ጩኸት በላይ ወጥቶ ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ውኃው ውስጥ ቆማ ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ባንዴ ከሰመ። ዙሪያዋን ልጆች ይንቦጫረቃሉ፤ አንድ ጎልማሳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከሚወርደው ውኃ ሥር እጁን ዘርግቷል፤ ሁለት ወጣቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የጮኽኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ከጎንደር ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ መጀመሪያ ልጄን፣ ቀጥሎ እኔን አየት አደረገችና ረጋ ብላ «ማን ከለከለ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዐይኔ ሰሌዳ ፈለገ። «መግባት ክልክል ነው» የሚል፣ ቀይ መስመር የተሰመረበት፣ የሆነ ነገር። አላየሁም። ጥበቃም አልነበረም። እኔ ስፈልግ እናቴ የአርማታው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ፈታች፤ ሁለቱን አጋጥማ ጥግ ላይ አስቀመጠች፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ወደ ልጄ ሄደች። ሰባ ዓመቷ ነው። እኔ ከዳር ሆኜ የሁለቱን ጫማ ስጠብቅ ዋልኩ።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት አለፈው። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። አውቶቡስ ውስጥ ይመጣብኛል፤ ሌሊት ከሥራ ስወጣ ይመጣብኛል። ማን ከለከለ?

ከተራራ የመጣ አርማታ

ቦታው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ መሃል ከተማ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ጎዳናዎች መካከል፣ ከትልቁ የቴአትር አዳራሽ ፊት ለፊት፣ አንድ ሙሉ ብሎክ የያዘ ፏፏቴ አለ። ኬለር ይሉታል። ከላይ በአራተኛው ጎዳና በኩል ሲመጡ ዛፎች ሥር ትንንሽ ጅረቶች እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ፤ ምንም አያስፈሩም። ከዚያ ድንገት መሬቱ ይቆረጥና ያ ሁሉ ውኃ በአርማታ ገደሎች ላይ ይወረወራል። ፓምፖቹ በደቂቃ 13 ሺህ ጋሎን፣ ወደ 49 ሺህ ሊትር ያህል፣ ያንኑ ውኃ መልሰው መላልሰው ያወጡታል። ከታች ገንዳው ውስጥ እንደ መድረክ ጠፍጣፋ የሆኑ አራት ማዕዘን መቆሚያዎች አሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ እስከሚወርደው ውኃ ድረስ መድረስ ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ከተማ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ሳየው ንቄው ነበር። ዓባይ ጢስ እየሆነ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ቀጥ ያለና ማዕዘን የበዛበት ግራጫ ነገር «በተፈጥሮ መንፈስ የተሠራ» ሲሉት እንዴት ይስማማ? ሰው ሠራሽ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። ተፈጥሮን የፈለገ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዳ መልትኖማ ፏፏቴን ያገኛል፤ 189 ሜትር ቁመት ያለው፣ እግዚአብሔር የሠራው። እንዲህ ብዬ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

እናቴ ግን ያን ቀን ከውኃው ወጥታ፣ እግሯን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች፣ «ዐይንህን ጨፍነህ ስማው እስቲ» አለችኝ። ጨፈንኩ። «ቀሃ በነሐሴ ሲሞላ አይደለም?» አለች። ነበር። መኪናው የለም፣ ከተማው የለም፣ ያለው ደረት ላይ የሚመታ የወንዝ ድምፅ ብቻ ነው። ለዓመታት የማየው ዐይኔ ያላገኘውን እሷ በሦስት ሳምንቷ በጆሮዋ አገኘችው።

ከዚያ በኋላ ነው ማን እንደሠራው መፈለግ የጀመርኩት። ሥራውን የያዘው የላውረንስ ሃልፕሪን ቢሮ ነበር። ሃልፕሪን የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ነው፤ ሲየራ ኔቫዳ ተራሮች እየወጣ ውኃ በቋጥኝ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ የት እንደሚሰበር፣ የት እንደሚያርፍ በማስታወሻው ሲስል የኖረ ሰው። የአለቱን መልክ ከተማ ውስጥ መቅዳት አልፈለገም። ከሲሚንቶ የተሠራ የውሸት ቋጥኝ አታገኙበትም። የፈለገው ውኃው የሚሠራውን ሥራ ነው፤ ወድቆ መጮኹን፣ ሰውን መጥራቱን፣ አየሩን ማቀዝቀዙን። ሚስቱ አና ዳንሰኛ ነበረች፤ ሰው አንድ ቦታ ላይ አካሉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማሰብ የቤታቸው ነገር ነበር።

ይህን ፏፏቴ ራሱን የነደፈችው ግን ሃልፕሪን ቢሮ ትሠራ የነበረች አንጀላ ዳናጂዬቫ የምትባል ሴት ናት። ቡልጋሪያ የተወለደች፣ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ለፊልም መድረክ ትነድፍ የነበረች። ይህን ሳውቅ ገንዳው ውስጥ ያሉት መቆሚያዎች ገቡኝ። ቴአትር ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እነዚህም መድረኮች ናቸው፤ የሚወጣባቸው ተዋናይ ግን ያገኘ ሰው ሁሉ ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ «የሰው አገር ሰው ናት በላ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ለዚህ ነዋ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የገባኝ መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ሁለት ክረምት ባሕር ዳር አንድ ሕንፃ ላይ የካሳፎርማ አናጢ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የፈሰሰ አርማታ ሳይ ከመልኩ በፊት ጠርዙ ነው የሚታየኝ። ኬለር ላይ ውኃው ከገደሎቹ የሚወርደው እንደ ተዘረጋ ነጠላ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሳይቀደድ። ይህ ቀላል አይደለም። ጠርዙ ጥቂት እንኳ ካጋደለ ውኃው ሁሉ ወዳዘነበለው ይሰበሰብና የቀረው ግድግዳ ደርቆ ይቀራል። እኛ ግንበኞቹ መሣሪያውን «ውኃ ልክ» እንለዋለን። አለቃዬ «ውኃ አያዳላም፣ አይዋሽልህምም» ይለኝ ነበር። ያን ጠርዝ ያፈሰሱት ሠራተኞች ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ጠርዙን በእጄ ሳልዳስስ አልመለስም።

ፋሲል መዋኛ

አሁን ወደ ጩኸቴ ልመለስ።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። የጎንደር ልጅ ውኃ ውስጥ መግባትን ማንም አያስተምረውም። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱን ጸሎቱም ማሕሌቱም ሲደረስ ያድራል፤ ጥር 11 ቀን ጧት ካህናቱ ውኃውን ባርከው ይረጫሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየ ያውቀዋል። ግንቡ ላይ የተንጠለጠለው፣ የዛፉ ሥር ላይ የተቆናጠጠው ወጣት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዘላል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከነሱ አንዱ ነበርኩ። የጥር ብርድ ነው፤ ውኃው ሲቀበለኝ ትንፋሼ ተቆረጠ። ስወጣ እናቴ ከሴቶቹ መሃል ቆማ እልል ስትል አየኋት። ያን ዕለት ፎጣ ይዛ መምጣቷን ያወቅኩት ኋላ ነው። እንደምዘል እኔ ሳላውቅ እሷ ታውቅ ነበር።

ታዲያ ያ ልጅ የት ሄደ? የእሳት ልጅ አመድ ይላሉ የኛ ሰዎች። እሷ በሰባ ዓመቷ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ጫማዋን ፈትታ ገባች። እኔ አሥር ዓመት የኖርኩበት ከተማ ላይ ልጄን አስደነገጥኳት።

ደግሜ ደጋግሜ ሳስበው «ክልክል ነው» አንድ ቀን የገባብኝ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ግቢ ውስጥ የፋውንቴን ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ አንድ ዘበኛ በዱላው ጫማዬን ነካ አድርጎ «ተነሥ፣ ለመቀመጫ አይደለም» አለኝ። ተነሣሁ። ሣሩን መርገጥ፣ አበባው አጠገብ መቆም፣ አጥሩን መደገፍ፤ ሁሉም ነገር ለማየት ብቻ የተሠራ መሆኑን ቀስ በቀስ ለመድኩ። ከዚያ አሜሪካ መጣሁ፤ በተጠባባቂ ወረቀት አራት ዓመት ኖርኩ። እዚያ ውስጥ ያለፈ ያውቀዋል። ማንም ምንም ሳይለው ሰው ራሱን ይከለክላል። ትራፊክ የሌለበት መንገድ ላይ ቆሞ አረንጓዴ መብራት ይጠብቃል። መናፈሻ ውስጥ ሲስቅ ድምፁን ይቀንሳል። ወረቀቱ ተገኘ፣ ዜግነቱም መጣ፤ ልማዱ ግን አልወጣም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለኔ ዱሮ ስለ ግድብና ስለ መስኖ የሚነገር ተረት ነበር። አሁን ገንዳው ዳር ሁለት ጥንድ ጫማ ይዞ የቆመ ሰው ይታየኛል።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። ኬለርን «ሰው ሠራሽ» ብዬ ስንቅ ኖሬያለሁ። ፋሲል መዋኛስ ምንድን ነው? በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ የተገነባ ገንዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባበታል። ቦዩን የሚከፍት ሰው አለ፣ የሚዘጋም አለ። በሕይወቴ ከገባሁበት ውኃ ሁሉ የተቀደሰው ሰው ቆፍሮ፣ ሰው ገንብቶ፣ ሰው የሞላው ውኃ ነው። አንድ ቀንም «ይህ ተፈጥሮ አይደለም» ብዬ አላውቅም። ውኃውን ውኃ የሚያደርገው ምንጩ ብቻ እንዳልሆነ ጎንደር አስተምራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።

እናቴ ይህን ሁሉ መተንተን አላስፈለጋትም። ኬለርን ስታየው የታያት ጥምቀተ ባሕር ነው። ዝቅ ያለ ቦታ፣ ዙሪያውን ሰው የሚቆምበት ደረጃ፣ መሃሉ ላይ ውኃ። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ቦታ እንዲገባበት የተሠራ መሆኑን ዐይታ ታውቃለች።

ልክም ነበረች። ፏፏቴው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1970 ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። ሜይ መጀመሪያ ላይ ኦሃዮ ውስጥ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች በብሔራዊ ዘብ ጥይት ተገድለው ነበር፤ ፖርትላንድም ውስጥ፣ ከፏፏቴው በእግር በሚደረስ መናፈሻ፣ ተቃዋሚ ተማሪዎች በፖሊስ ዱላ ተደብድበዋል። በምረቃው ዕለት ባለሥልጣኑም ፀጉሩን ያስረዘመው ወጣትም እዚያው ተገኘ። ወጣቶቹ ውኃው ውስጥ ገቡ። የከተማው ሹማምንት ማስወጣት ይችሉ ነበር። አላስወጧቸውም። ሃልፕሪን ራሱም ገባ። የኒውዮርክ ታይምስ የሥነ ሕንፃ ሐያሲ አዳ ሉዊዝ ኸክስተብል ቦታውን ከአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ወዲህ ከተፈጠሩት እጅግ ጠቃሚ የከተማ ሥፍራዎች ተርታ አሰልፋዋለች። እኔ የህዳሴን ዘመን አደባባዮች አላየሁም። የምረቃው ዕለት ግን ይገባኛል፤ ካህኑ ባርኮ ሲጨርስ የሚዘለው ወጣት ነው።

ስለ ሃልፕሪን ሳነብ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ከፍታ ላይ፣ አሮጌዋን ከተማ ቁልቁል የሚያሳየውን የሃስ መራመጃ ከሽሎሞ አሮንሰን ጋር የነደፈው እሱ ነው። በዚያ ከፍታ በየዓመቱ ቤተ እስራኤል ስግድን ያከብራሉ፤ ቄሶቹ በጃንጥላ ሥር ቆመው በግዕዝ ይጸልያሉ። በጎንደር ዘመናቸው አምቦበር ላይ ወደ ተራራ እየወጡ ያከብሩት የነበረው በዓል ነው። እናቴ ጀበና የምትገዛት አንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በ1983 ዓ.ም. ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል ሄደች። ይህን ስነግራት «እሷም እኔም አንድ ሰው በሠራው ላይ ቆምን?» ብላ በጣም ገረማት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከሥሩ የነበረው ሠፈር

ይህን ጽሑፍ ባለፈው ክረምት ልጨርሰው ስል አንድ ነገር አቆመኝ።

ኬለርና አካባቢው ባዶ መሬት ላይ አልተሠሩም። እዚያ አይሁድና ጣልያን ስደተኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖሩበት ሠፈር ነበር፤ ዳቦ ቤት፣ ምኩራብ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም በእግር የሚገኝበት። እ.ኤ.አ. በ1958 ከተማው «አርጅቷል» ብሎ ለመልሶ ግንባታ ወሰነው። ከ50 በላይ ብሎኮች ፈረሱ፤ ከ1,500 በላይ ሰዎች ተነሡ። የሃልፕሪን ሥራዎች፣ በ1966 የተከፈተው የላቭጆይ ፏፏቴም ኬለርም፣ በዚያ ፍርስራሽ ላይ ለሚሠራው አዲስ ከተማ የታሰቡ ነበሩ። ኬለር የሚለው ስም የመጣው ደግሞ ያንን ማፍረስ ከመራው የልማት ኮሚሽን ሊቀመንበር ከአይራ ኬለር ነው፤ በ1978 በስሙ ተሰየመ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ነገርኩት። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፒያሳ ሲፈርስ የተወለደበትን ቤት መጨረሻ በስልኩ በቪዲዮ ነው ያየው። አዲስ አበባ ውስጥ አሁን ሰፋፊ መንገድ፣ መብራትና ፋውንቴን እየበዛ ነው፤ ያማረውን ያማረ እንላለን። እሱ ግን ስለ ኬለር የነገርኩትን ሁሉ፣ ውኃውን፣ ቡልጋሪያዊቷን፣ እናቴን፣ በትዕግሥት አዳመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ሰዎቹስ የት ሄዱ?»

ተበተኑ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ልብስ ሰፊው ደንበኞቹን አጣ፤ አሮጊቷ ጎረቤቷን አጣች። ውኃው መልካም ነው፤ አፈራረሱ በደል ነበር። አንዱ አንዱን አያጥበውም። ስደተኛ ሠፈር ፈርሶ በቦታው የተሠራውን ነገር አንዲት ስደተኛ ነደፈችው፤ የሌላ ስደተኛ እናት ጫማዋን ፈትታ ገባችበት። ይህን ምን ላድርገው? ቦታውን መውደዴን አልተውኩም። ግን ልጄ ከፍ ስትል «ይህን ማን ሠራው?» ብትለኝ ከመቆሚያዎቹ አልጀምርም። ከዳቦ ቤቱ ነው የምጀምረው።

ጫማ

እናቴ መስከረም ሳይጠባ ተመለሰች። ልጄ ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ፏፏቴው ስንሄድ ከመግባቷ በፊት ዞራ ፊቴን ታያለች። ፈቃድ እየጠየቀች ነው። አንድም ቀን ከልክያት አላውቅም፤ እሷ ግን አሁንም ታያለች። አንድ ጩኸት ልጅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ቀድሞ የሚነግር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ጧት ብቻዬን ሄድኩ። ሰው ገና አልበዛም፤ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከታች አለች፤ አንድ ሽማግሌ ደረጃው ላይ ጋዜጣ ያነባል። እናቴ የተቀመጠችበት ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ፈታሁ። ካልሲዬን ውስጡ ከተትኩ። ጥግ ላይ አስቀምጬ ልሄድ ስል እጄ እምቢ አለ፤ መልሼ አነሣሁት። በግራ እጄ እንደያዝኩት ገባሁ።

የመጀመሪያው መቆሚያ ላይ ደረስኩ። ሁለተኛው ላይ። ከሚወርደው ውኃ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ፍንጣሪው ሸሚዜን አራሰው። ከልጆቹ አንዱ በሩጫ መጥቶ ሊያልፈኝ ሲል ውኃውን በሙሉ ሱሪዬ ላይ ረጨውና ሳቀ። እናቱ ከዳር ይቅርታ ጠየቀችኝ። በእጄ ምንም አይደለም አልኳት።

ጎንደር መሽቷል። ደወልኩላት። መጀመሪያ ምንም አልተናገርኩም፤ ስልኩን ወደ ውኃው ዘረጋሁት። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እየሳቀች ነበር።

«ገባህ?» አለችኝ።

«ገባሁ።»

«ጫማህንስ የት አደረግኸው?»

«ይዤዋለሁ።»

«አስቀምጠው፣ ልጄ፣» አለችኝ። «ማንም አይወስደውም።»